የተፈታው ሹሩባ

እናኑን የማያውቅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ የለም፤ እሷም የማታውቀው ተማሪ አልነበረም። አልነበረም ነው የምላችሁ። ግቢው በር ላይ ፈታሽ ሆና ስትቆም፣ መታወቂያ አሳይ የምትለው አዲስ ገቢውን ብቻ ነበር፤ ያውም የመጀመሪያውን ቀን። አንዴ ያየችው ፊት ከጭንቅላቷ አይወጣም። "አንተ የማክሰኝቱ፣ እናትህ በግ ሸጣ የገዛችልህን ጫማ እንዲህ ትጨፈልቀዋለህ?" ትላለች። "አንቺ ደግሞ ስታለቅሺ ነው ያደርሽው፣ ምነው? ወንድ ከሆነ ተይው፣ ፈተና ከሆነ አጥኚ።" ተማሪው ይስቃል፣ ያልፋል። የጥበቃ አለቃው ሳይቀር "እናኑ እያለች ካሜራ ምን ያደርጋል" ይል ነበር።

ከዚያ ባጃጁ ተገለበጠ። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ነው። እናኑ የኋላ ጭንቅላቷን ድንጋይ መታት። ሆስፒታል ተኛች፣ ቁስሉ ሻረ፣ ፀጉሯም በቀለበት። "ማርያም አተረፈችሽ" አሏት፤ አሜን አለች። ጉዱ የመጣው ፀዳ ከተማ፣ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ዓይን አላት፣ አፍንጫ አላት፣ አፏ ይስቃል፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ማን እንደሆነች ግን እናኑ አታውቅም። ሴትዮዋ "እናኑዬ፣ እንዴት ዋልሽ?" ስትል ድምጿ የምንዳዬ ሆነ። ግድግዳ ተጋርታት የኖረች፣ እሳት የምትጫጫራት ጎረቤቷ ምንዳዬ! እናኑ ክው አለች። ግን "ደህና፣ ግቢ" አለች እንጂ ትንፍሽ አላለችም።

አበደች ይሉኛል ብላ ሆድ ይፍጀው አለች። ከዚያ ወዲያ ሰውን በድምፁ፣ በአረማመዱ፣ በጫማው፣ ሴቷን በነጠላዋ ጥለት መለየት ተማረች። በር ላይ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ድምፁም እግሩም ይደበላለቃል። ስለዚህ ሁሉንም "መታወቂያ!" ማለት ጀመረች። ተማሪው ተቀየማት። "እትዬ እናኑ ኮራች" አሉ። ይበሉ። ለተማሪ ኩርፊያ ማን ይጨነቃል! እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው።

አንድ ልጅ ነው ያላት፤ እንዳልካቸው። አባቱ ከሞተ ቆየ። ልጁ የመተማን መንገድ በአይሱዙ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ ከርሞ ከርሞ ነው ቤት የሚመጣው። በስልክ "እማ፣ ዘንድሮ ለጥምቀት እመጣለሁ። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ጠብቂኝ፣ ከዚያ አብረን እንገባለን" ብሏታል። እንግዲህ አስቡት፤ የጎንደር ጥምቀት፣ አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ ሲተም፣ ከበሮው ድምፅ ሲውጥ። ልጇ ከፊቷ ቆሞ አልፋው ብትሄድስ? ወይ አንዱን ባዳ እንዳልኬ ብላ ብታቅፍስ? ስለ ባጃጁ "ትንሽ ወድቄ ነበር፣ አሁን ሸጋ ነኝ" ብላዋለች፤ ሰው በፊቱ መለየት እንዳቃታት ግን አልነገረችውም። መሪ ጨብጦ ሐሳብ እንዲገባው አልፈለገችም። ሌሊትም ቀንም የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ሲመጣ ፊቱን እንድታውቀው።

ያኔ ነው ዶክተር መዝሙር የነቃባት። ይኼ ሰው እዚያው ያስተምራል፤ የሚያጠናው ዓይን ያቀበለውን ነገር ጭንቅላት ምን እንደሚያደርገው ነው። አንድ ጠዋት መታወቂያ ጠየቀችው፣ አሳይቷት ገባ። መኪናው ውስጥ የረሳው ነገር ኖሮ ወጣ፣ ጃኬቱን ጥሎ በሸሚዝ ተመለሰ። "መታወቂያ!" አለችው።

"እትዬ እናኑ፣ አሁን አሳይቼዎት አልነበረም?"

"አንተን? መቼ?" አለች፤ ከዚያ ድምፁን ስታውቀው ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ተማሪው እስኪያልፍ ጠብቆ ቀስ ብሎ ጠየቃት። ያን ያህል ጊዜ የያዘችውን አፈረጠችው። ዶክተር እያለች በአንተ ነው የምታናግረው፤ በልጇ ዕድሜ ነዋ።

"ዓይኔን ታክመዋለህ?" አለችው።

"ዓይንዎ ምንም አልሆነ። ዓይን ያየውን ወደ ኋላ፣ ወደ ጭንቅላት ይልካል። እዚያ አንዱ ቦታ ቀለሙን ያያል፣ አንዱ እንቅስቃሴውን። ፊት አይቶ 'ይኼ እገሌ ነው' የሚል ቦታም አለ። የተጎዳው እሱ ይመስለኛል።"

እናኑ አሰበችበት። "በረኛው ነዋ የሞተው!" አለች። ዶክተሩ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠ።

"ላጠናዎት እችላለሁ። ግን አልዋሽዎትም፤ ጥናት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። የሚያድን ነገር በእጄ የለም።"

ይኼን ደጋግሞ ነግሯታል፤ አንደበቱ እስኪዝል ነግሯታል። ሰው ግን የሚሰማው የፈለገውን ነው። እሷ የሰማችው ማጥናት የሚለውን ነው። ያጠና ሰው ደግሞ ያውቃል፣ ያወቀ መላ አያጣም፣ ጥምቀትም ገና ነው። "እሺ" አለች።

የዘመዶችዎን ፎቶ ያምጡልኝ ብሏት ነበር፤ የእህቷን፣ የምንዳዬን፣ እንዳልኬ አይሱዙው ፊት ቆሞ የተነሳውን ሰጠችው። ሌላ ችግር የመጣው ከሹሩባው ነው። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ፣ ሽቦው ብዙ የሆነ ቆብ አለ፤ የውስጡን እንቅስቃሴ የሚለካው እሱ ነው። ሽቦው የራስ ቆዳ ካልነካ አይሠራም፣ ሹሩባው ደግሞ አላስነካም አለ። "መፈታት አለበት" አላት እየተሳቀቀ። ቁርጥ ሹሩባዋን ምንዳዬ ናት ለጥምቀት ብላ ቀደም አድርጋ የሠራችላት። ሲፈታ ልቧ ቅር አለው፤ ግን ለእንዳልኬ ነው ብላ ራሷ ፈታችው።

ያን ሰሞን መንደሩ ጥሩ አልነበረም። ለእሷ ግን ማን ይንገራት! ምንዳዬ ጠዋት ማታ ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ሳትበላ ትቀመጣለች፣ ሳታወራ ትሄዳለች። የምንዳዬ ልጅ "ስልክሽን ላሠራልሽ" ብላ ያልተበላሸ ስልክ ወስዳ ቀረች። የእድሩ ዳኛ አያ ሐብተ ማርያም በደጇ አልፈው የማያውቁ ሰውዬ፣ መጥተው "እንዴት ነሽ ልጄ" ብለው ተመለሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊታቸውን አይቶ ይጠረጥር ነበር። ጥርስ ባዳ ነው፣ ዓይን ግን አይዋሽም። እናኑ የምታየው ዓይን አፍንጫና አፍ ብቻ ነው፤ የጎረቤቷ ፊት ትናንት ምን ይመስል እንደነበር ካላወቀች ዛሬ መለወጡን በምን ታውቃለች? አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ከእሷ ብቻ ተደብቆ ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንዳልኬ አይሱዙ ከነጭነቱ ገደል ገብቷል። ቆላው ሬሳ አያቆይም፤ ልጁ እዚያው ገንዳ ውሃ ከተማ ተቀበረ። መርዶ ደግሞ ዝም ብሎ አይነገርም። እህቷ የትነበርሽ ከዳባት እስክትመጣ ተጠብቆ፣ እሑድ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ አዛውንት በሩን አንኳኩተው ሊነግሯት ተቆርጦ ነበር። የአገር ወግ ነው። ክፉ ወሬ ብቻዋን እንዳያገኛት፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ እንዲኖር።

እሷ አርብ ከሰዓት ማራኪ፣ የዶክተሩ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላለች። ራሷ ላይ ቆቡ፣ ፀጉሯ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ቅባት፣ ሁለት ጣቶቿ ላይ ላብ የሚለካ ትንሽ ማሰሪያ። ኮምፒውተሩ ላይ ፊት ይመጣል፣ ይሄዳል። "ያውቁታል?" ይላል ዶክተሩ። "አላውቀውም።" ሌላ ፊት። "አላውቀውም።" ከባዳው መካከል የእሷም ሰዎች እየተቀላቀሉ እንደሚያልፉ ነግሯታል። ዓይኗ እስኪያነባ አፈጠጠች። አንዱን እንኳ አላወቀችም። ሲያልቅ "ወደቅሁ አይደል?" አለች፤ ፈተና እንደጨረሰ ተማሪ።

"መውደቅ የሚባል የለም፣ እትዬ። ገና ውጤቱን እመረምራለሁ" አላት።

ፀጉሯን በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችው። እርጥቡ አንገቷን እንዳይነካት ነጠላውን ገልብጣ ደረበች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ወጣ። አላስተዋለችም። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት የተፈታ ፀጉሯን አየች፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች። "እግዜር ያጥናሽ እህቴ" አለቻት። እናኑ የቅባቱን ነገር ለማን ታስረዳ? "አሜን" አለች።

ፀዳ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትታጠፍ ምንዳዬ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ቀና አለች፣ አየቻት። ፀጉር የተበተነ፣ ነጠላ የተዘቀዘቀ! ሐዘን የያዘው ሰው እንጂ ማን እንዲህ ይሆናል? ምንዳዬ አንዱ ምላሰኛ ከሥራ ቦታዋ አረዳት አለች በልቧ፤ ከዚያ ያን ሁሉ ቀን የታፈነው ድምፅ ፈነዳ።

"እንዳልኬዬ! ወይኔ ልጄን! ሰማሽ? ሰማሽ እናኑዬ?"

ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። ደረት የሚመታው፣ መሬት የሚወድቀው፣ የእንዳልኬን ስም የሚጠራው በዛ። አያ ሐብተ ማርያም ከዘራቸውን ይዘው እየሮጡ "ማን ነገራት? ማን ነው ወግ ያፈረሰ?" ይላሉ። እናኑ መካከል ላይ ቆማለች። ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ነበር፤ እንደያዘችው ቀረች። ማንም "ልጅሽ ሞተ" አላላትም፤ ሁሉም ሰምታለች ብሎ ያለቅሳል። ዙሪያዋን ፊት ነው፣ አንዱም ሰው አይደለም። ውስጧ ደጁ ተዘግቶ ሰው የሌለበት ቤት ሆነ። "በሩን ልክፈት" አለች፣ ከፈተች፣ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

ድንኳን ተጣለ። የትነበርሽ እሑድ ሳይሆን በዚያው ሌሊት ደረሰች። እህቷን አቅፋ ጮኸች፣ እናኑ ግን እንጨት ነው የሆነችባት። ፀጉሯን በወጉ ተላጨች፣ ጥቁር አለበሷት፣ አልተከላከለችም። ምግብ ሲሰጧት ትጎርሳለች፣ ሲተዋት ትተዋለች። ሰው ሁሉ ጥቁር ለበሰ፣ ድምፅ ሁሉ በለቅሶ ጎረነነ፤ በጥለትም በድምፅም መለየት ቀረ። አንዷ መጥታ ታቅፋታለች፣ ማን እንደሆነች አታውቅም። ብቻዋን ስትሆን የልጇን ፊት ለማስታወስ ትሞክራለች። ደጅ ሲደርስ የሚያፏጨው ፉጨት ይመጣላታል። አንድ ጎኑ የሚያልቀው ጫማው፣ ናፍጣ የሚሸተው ሹራቡ ይመጣላታል። ፊቱ አይመጣም። ለፊት አልባ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

በሁለተኛው ቀን አልቃሿ ተነሳች። ትልቅ ፎቶ በእጇ ይዛ፣ ግጥም እየደረደረች፣ ወዲህ ወዲያ እያወዛወዘች ሕዝቡን አስለቀሰች። መጨረሻ ላይ መጥታ ፎቶውን እናኑ ጉልበት ላይ አኖረችው። እናኑ አየችው። ወጣት ነው፣ ሪዝ አለው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። አይሱዙው ቢኖር ታውቅ ነበር፤ ፎቶ ቤቱ ግን ፊቱን ብቻ ቆርጦ አሳድጎታል። ቀና አለችና አጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀቻት።

"ይኼ ማነው?"

አጠገቧ ያለችው የትነበርሽ ነበረች። ፎቶውን ከጉልበቷ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "እታለም! ልጅሽን? የወለድሽውን ካድሽው?"

ከዚያ ወዲያ አፍ ተከፈተ። ሐዘን ነው ያደነዘዛት ያለ አለ፤ ጠበል ውሰዷት ያለ አለ። ከኋላ ደግሞ "እናት ሆና አንድ ዘለላ እንባ ጠብ ሳይላት፣ በስመ አብ!" የሚሉ ነበሩ። እናኑ ሁሉንም ሰማች። ስለ ፊት ነገር መናገር ትችል ነበር፤ ግን አሁን ቢናገሩት ሰበብ ይመስላል። ደግሞስ እውነታቸው ቢሆንስ? ልጇን የማታውቅ እናት ምን እናት ናት? ይኼን አሰበች፣ ሐሳቡም አላመማትም። ያላመማት መሆኑ ነው ያስፈራት።

ዶክተር መዝሙርም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለቅሶ መጥቶ ነበር። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ፎቶውን አየ፤ አርብ ዕለት ኮምፒውተሩ ላይ ደጋግሞ ያሳያት ልጅ። ንፍሮ ሲዘረጉለት እጁን አላነሳም። ሳይሰናበት ወጣ።

አርባው ወጥቶ ወደ ግቢው በር ተመለሰች። ጥምቀት አልፏል፤ ታቦቱ ሲወርድም ሲወጣም እሷ ከቤቷ አልወጣችም። "መታወቂያ" ትላለች፣ ያሳያሉ፣ ያልፋሉ። ተማሪው ጥቁሯን አይቶ ሳይስቅ ያልፋል። ዶክተሩ ብዙ ቀን አንገቱን ደፍቶ አለፋት፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ቆመ።

"እትዬ እናኑ፣ ያገኘሁት ነገር አለ። ልንገርዎት አልንገርዎት ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አልፈልግም ካሉ እተወዋለሁ።"

"ንገረኝ። ከዚህ የባሰ ምን ትነግረኛለህ?"

የትነበርሽ ገና አልሄደችም ነበር፤ እህቷን ታኩርፍ እንጂ ጥላት አልገባችም። በማግስቱ ያችው ጠባብ ክፍል አብረው ገቡ። ዶክተሩ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ለሁለቱም አስረዳ፤ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ፊት፣ ስለ በረኛው። የትነበርሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር አሳያቸው። ባዳ ሰው ሲመጣ መስመሩ ዝም ብሎ ይተኛል። አንድ ቦታ ላይ ሽቅብ ይወጣል።

"ይኼ የእጅዎ ላብ ነው። ልጅዎ ሲመጣ ነው የወጣው። አንዴ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት። በመጣ ቁጥር ነው። እርስዎ 'አላውቀውም' ይላሉ፣ እጅዎ ያውቀዋል።"

እናኑ እጇን አገላብጣ አየችው። "ድገመው" አለች። "አሁን ድገመው፤ እሷ ታየው።"

ቆቡን አመጣ። የተላጨ ራስ ላይ ምንም ሳያስቸግር ተቀመጠ። ጣቶቿን አሰረላት፤ መስመሩ የሚታይበትን ወደ የትነበርሽ አዞረ። ፊት መጣ። "አላውቀውም።" ሌላ መጣ። "አላውቀውም።" አንዲት ሴት፣ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ሪዝ ያለው ወጣት መጣ። እናኑ ጥግ ጥጉን አየችው፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። "አላውቀውም" አለች።

የትነበርሽ መስመሩ ሲወጣ አየች። "እታለም" አለች። "እታለምዬ፣ እሱ ነው።" የእህቷን ጉልበት ይዛ ተንሰቀሰቀች።

እናኑ ከፎቶው ዓይኗን አልነቀለችም። "አቁመው፣ እንዳይሄድ" አለች። ዶክተሩ አቆመው። ከዚያ ጠየቀችው። "ዶክተር፣ ለጥምቀት ቢመጣ ኖሮ አውቀው ነበር?"

ሊዋሽላት ይችል ነበር። መቼም እሱ ሰው ነው፣ አማረው። "እጅዎ ያውቀው ነበር" አለ። "እርስዎ ግን አልፈውት ይሄዱ ነበር።"

ያኔ አለቀሰች። ጩኸት የለው፣ ደረት መምታት የለው፤ እንባው ብቻ ጥቁሩ ቀሚስ ላይ ይወርዳል። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ባዳ ያያታል፣ መስመሩም አልወርድ አለ።

አሁንም እዚያው በር ላይ ናት። የትነበርሽ ዳባት ከመግባቷ በፊት ለምንዳዬም ለአያ ሐብተ ማርያምም ሁሉን ነግራለች፤ ሐሜቱ ቀርቷል። ጎረቤት ሁሉ ደጇ ሲደርስ "እኔ ምንዳዬ ነኝ፣ እኔ እገሌ ነኝ" እያለ ይገባል። ዶክተሩ ጥናቱን ቀጥሏል፣ አንዳንዴ ትሄድለታለች። ለውጥ የለም።

ብቻ አንድ ልማድ አመጣች። ሪዝ ያለው ወጣት፣ የሾፌር አረማመድ ያለው፣ ወደ በሩ ሲመጣ ቀኝ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። መታወቂያውን ትቀበላለች፣ ፊቱን ታየዋለች። ከዚያ መዳፏን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። ደረቅ ነው።

"እለፍ ልጄ" ትለዋለች።